ድምፅ የገባበት ሣጥን

ዳካ ቦራ የሚባል የምርጫ ወረዳ ነበረ፤
በቦኩና በአዋሽ መሃል፣ በግራር ችካል የታጠረ።
ካርታ ላይ ዝንብ ያረፈችበትን የሚያህል፣
በእግር ሲሄዱት ግን አንድ ቀን ተኩል።

አባቴ ሶርሳ መዝጋቢ ነበር፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣
አራተኛ ክፍል የደረሰ፤ ለዚያ አገር ያኔ ሊቅ ማለት።
ስም ጻፈ፣ ዕድሜ ገመተ፦ «ባቡሩ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ» ላለው ሃምሳ፣
«ጣሊያን ሲወጣ አገባሁ» ላለችው ሠላሳ፤
ጥርስ ለሌለው ሁሉ ሰባ። ማንም ክስ አላነሣ።

ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ ግራዝማች ሸዋንግዛው በበሬ፣
ደበሌ ሮባ በጃንጥላ። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ነበር፣ ተሳቀ በዚህ ወሬ።
አዴ ኩሉሌ በሬውን አገላብጣ አየችው፤
«ነጠላ በሬ አያርስም፣ ጓደኛውስ?» ብላ አባቴን ጠየቀችው።
ሲያጣላት ጊዜ ተናዳ ጃንጥላው ሥር ተጠለለች፤
«ይሄ እንኳ ቢዘንብም፣ ፀሐይ ቢከርም ያገለግላል» አለች።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ያ የናዝሬት አዙሪት፤
ወረቀቱን እንደ ገለባ በተነው እስከ ፍየሎች በረት።
አባቴ በቃለ ጉባኤው፣ ቀጥ ባለ የእጁ ጽሑፍ፣
«ዐሥራ አንድ ድምፅ በፍየል ተበላ» ይላል፤ ፊርማው አለ፣ ከታች ከጫፍ።

ጃንጥላው አሸነፈ።
ደበሌ ሮባ ባቡር ተሳፍሮ አዲስ አበባ ወጣ፣
የሣጥኑን ቁልፍ በኪሱ ይዞ፤ ቁልፉ ዳግም አልመጣ።
አራት ዓመት ተቀመጠ። የውኃ ጉድጓድ ነበር አደራችን።
አንዴ ብቻ ተነሣ አሉ፦ «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ መስኮቱ ይዘጋልን፣
ብርድ ነው።»
ቆላ ተወልዶ ምን ያድርግ! እኛም አላፈርንበት፤
«ብርዱን የነገራቸው የኛ ሰው ነው» ተባለ ጠላ ቤት።
ጉድጓዱ አልተቆፈረም። መስኮቱ ግን ተዘግቷል፣ ይህን አትርሱት።

ቁልፍ የለም፤ በየአራት ዓመቱ ሣጥኑ በመጥረቢያ ይከፈታል፣
አናጢው መኳንንት ይጠግነዋል፤ ስንጥቁ ብቻ እንደነበረ ይቀራል።

በስድሳ ሰባት፣ መስከረም፣ ሬዲዮው «ፓርላማው ተበትኗል» ሲል፣
አባቴ ሣጥኑን ግራሩ ላይ ሰቀለው፣ ለአንድ ቀን ይፈለጋል በሚል።
ጥቅምት ላይ፣ በግራር አበባ፣
ድምፅ በሚገባበት ስንጥቅ ንብ አንድ በአንድ ተሰልፎ ገባ።
አባቴ ጆሮውን ደቅኖ ሰማ፤
«ዘንድሮ» አለ፣ «ሣጥኑ ድምፅ አለው።» ሌላ ቃል አላሰማ።

ማር ቆረጥን። እጅ ማውጣት ሲመጣ እጅ አወጣን፤
ሦስት ዕጩ ባንድ ሐሳብ ሲያመጡልንም መረጥን።
በሰማንያ ሰባት ቁጥር ሆንን፤ ስማችን ቅንፍ ውስጥ ገባ።
በዘጠና ሰባት ፋኖስ ይዘን፣ ሰማዩ ሳይጠባ፣
የኩሉሌ የልጅ ልጅ ምጥ ይዟት «ሳልመርጥ አልወልድም» አለች፣ ከሰልፉ ሳትወጣ።
ልጇ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ስሙ ሰልፉ ነው።

ከዚያ ከተማው መጣ። አልሮጠም፣ እንደ ማታ ጥላ ነው የተሳበ፤
መጀመሪያ ችካል፣ ቀጥሎ ግሬደር፣ ኋላ ፎቅ በፎቅ ተደረበ።
ግራሩ ከሰል ሆነ። ካሳው በካሬ ተቆጠረ፤ ለንቡ አልታሰበ።

ባለፈው ለምዝገባ ሄድኩ። ልጁ ታብሌቱን በጣቱ ጠረገ፣
«እማማ፣ ዳካ ቦራ የሚል የለም» ብሎ ደግሞ ፈለገ።
«ብሎክ ስንት ነዎት?»
ሠላሳ አራት ነኝ አልኩት።

ሣጥኑ በረንዳዬ ላይ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሲሊንደሩ ጎን፤ ባዶ።
አንዳንድ ከሰዓት ያ አዙሪት ተነሥቶ በስንጥቁ ሲገባ ያፏጫል፤
ጎረቤቴ ግድግዳውን ደብድባ፦ «እማማ፣ ስልክዎ ይጠራል!»